መሃል ነኝ ያልኩ ዕለት

ጅቡቲ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእናቴ አጎትና ለፊደል አባቴ፣ ለተከበሩ ለጋሼ ተሰማ
ጎባ

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እንደምን ሰነበቱ? እማማ ወለተሥላሴስ እንደምን ሰነበቱ? የጎባ ብርድ ለጉልበትዎ እንደማይራራ ስለማውቅ፣ ይህ ወረቀት ፀሐይ ላይ ተቀምጠው እንዲደርስዎ እመኛለሁ። እኔ ከናፍቆታችሁና ከዚህ አገር ሙቀት በቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

ስልክ መደወል እየተቻለ ስለምን ይጽፋል እንዳይሉኝ። ባለፈው እህቴ ልደት ስልኩን ጆሮዎ ላይ ስታደርግልዎ፣ እኔ «ደህና ነኝ» ብል እርስዎ «ማን ሞተ?» አሉኝ። ሦስት ጊዜ ደገምኩት፤ ሦስት ጊዜ እግዜር ያጥናህ አሉኝ። ስለዚህ ወረቀት ይሻላል ብዬ ወሰንኩ። ደብዳቤውን የሚያደርስልዎ ሙለታ የተባለ የሮቤ ሹፌር ነው። ከወደብ ማዳበሪያ ጭኖ ወደ ባሌ ይመላለሳል። እኔ የተቀጠርኩት ከከተማው ወጣ ብሎ ከባድ መኪኖች በሚያድሩበት ሜዳ፣ በአንድ ጎሚስታ ቤት ነው። ጎማ እፈታለሁ፣ እለጥፋለሁ፣ አየር እሞላለሁ።

አንድ በደል ልናዘዝ። ከአገር ስወጣ ከግብረ ገብ ደብተርዎ አንዲት ገጽ ሳላስፈቅድ ገንጥያለሁ። ያ የግሪክ ፈላስፋ ያስተማራቸውን ምግባሮች በሦስት ረድፍ የጻፉባት ናት። በግራ ጉድለት፣ በቀኝ ትርፍ፣ በመካከል ምግባሩ። ፍርሃት፣ ድፍረት፣ እብሪት። ንፉግነት፣ ለጋስነት፣ አባካኝነት። ራስን ማሳነስ፣ እውነተኛነት፣ ጉራ። ከአራተኛ ክፍል ትምህርቴን ባቋርጥም ቅዳሜ ቅዳሜ ያስጻፉኝ ቃለ ጽሕፈት እስከ ዛሬ እጄ ላይ አለ፤ ይህችን ገጽ ግን በቃሌ አላውቃትም ነበርና ይዣት ወጣሁ።

አሁን የዘመኑን ሰው በእርሷ እለካለሁ። ከአሥር ማርክ እሰጣለሁ። ለምሳሌ በዚህ ሜዳ ያለው ሐበሻ በለጋስነት ሰባት ያገኛል፤ አንድ ሳህን ምግብ ሲቀርብ ስሙን የማያውቀውን ሰው ሁሉ ና ይላል። በጨዋታ አዋቂነት ዘጠኝ ሰጥቼዋለሁ። በእውነተኛነት ግን ከሁለት በላይ መስጠት አልቻልኩም። ወደ ቤቱ ሲደውል ሁሉም ቢሮ ውስጥ ነው የሚሠራው። እጁ በግራሶ ተለውስጦ «አሁን ስብሰባ ልገባ ነው» የሚል ሰው አጠገቤ ቆሞ ሰምቻለሁ።

አንድ ጥያቄ አለኝ። የመካከለኛውን ረድፍ ርእስ ላቤ አደብዝዞታል፤ «መካከል» የሚል ይመስለኛል። መካከል ማለት ከግራውም ከቀኙም ወገን አለመሆን ነው ብዬ ይዤዋለሁ። ልክ ነኝ?

ለእማማ ወለተሥላሴ፣ ለእህቴ ልደት፣ ለአሠሪዬ ለነበሩት ለአቶ ጌታነህ፣ ለሮቤ እህል በረንዳ ሰዎች ሁሉ፣ ለሲናናው ለአቶ ቀነኒሳ ሳይቀር ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

የእጅዎ ሥራ የሆንኩ
ፍቅረሥላሴ


ጎባ፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተወደድህ ልጄ ለፍቅረሥላሴ

ሰላም ለአንተ ይሁን። ባለህበት አምላክ ጥላ ይሁንልህ፤ በዚያ ሙቀት ከጥላ የሚበልጥ ምርቃት አላገኘሁም። እኛ ደህና ነን። ጉልበቴ ግን ከእኔ ተለይቶ የራሱን ኑሮ ይኖራል።

ደብዳቤህን ሙለታ ራሱ እቤት ድረስ አመጣው። ጽሕፈትህ አላሳፈረኝም፤ «ዐ» እና «አ» አሁንም ይጣሉብሃል። ገጿን መገንጠልህን አውቅ ነበር። ደብተሩን ስከፍት የቀረውን ጠርዝ አየሁትና ዝም አልኩ።

ሰውን ከአሥር ማረም የእኔ ክፉ ልማድ ነበር፤ ከእኔ ወርሰህ ከሆነ አዝናለሁ። ሆኖም ደብዳቤህን ካነበብኩ ወዲህ ጎባን ስለካት ከረምኩ። ባለፈው ሳምንት ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ነበር። ድንኳኑ ሙሉ ነው፤ ሰው አልቀረም። ከእኔ ወዲያ ከተቀመጡት አሥራ አንድ ሰዎች ግን ስምንቱ አንገታቸውን የደፉት ለሐዘን መስሎኝ ነበር፤ ስልክ ላይ ነው። እና ምን ልስጣቸው? መጥተዋል። አልመጡም ማለት ሐሰት ነው። መጡ ማለትም ሙሉ እውነት አይደለም። ፈላስፋው ይህን አላየም።

የጆሮዬ መሣሪያ ባትሪ አልቋል። ትንሽ ክብ ናት፣ ከሸሚዝ ቁልፍ ታንሳለች፤ እዚህ ታጣለች፣ ወደብ ላይ ትገኝ ይሆናል። ወለተሥላሴ «ባትሪው ይምጣ፤ ስሰድበው እንዲሰማ እፈልጋለሁ» ብላሃለች።

ስለ መካከል የጠየቅኸኝን ሌላ ጊዜ እመልስልሃለሁ።

አንድ ነገር። ሰላምታህ ረጅም ነው። እህል በረንዳው ሁሉ ተጠርቷል፤ የሸጠም የገዛም አልቀረም። ከአንተ ጋር በአንድ ሚዛን ሦስት ዓመት የሠራው፣ አጥር ለአጥር ያደጋችሁት ዘይነዲን ግን የለበትም። ረስተኸው ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

አጎትህ
ተሰማ


ጅቡቲ፣ የካቲት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለጋሼ ተሰማ

ጤናዎን ከጉልበትዎ ጋር ያስታርቅልኝ ዘንድ ወደ ፈጣሪ እያመለከትኩ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ባትሪዋን አግኝቻለሁ፤ ስድስት ናቸው። ሙለታ በትምባሆ ፓኮ ውስጥ ይዟቸዋል፤ ትምባሆውን ግን አላጨስኩም።

የዘመኑን ሰው በድፍረት ረድፍ የለካሁበትን ቀን ልንገርዎ። ከአዋሽ የገባ አንድ ወጣት ሹፌር ከመኪናው ሲወርድ ሙቀቱ መታውና አፈር ላይ ወደቀ። ወዲያው ሰው ከበበው። እኔ ጎማ ላይ ቆሜ ስለነበር ከላይ ሆኜ ቆጠርኩ። ሰባት ሰዎች ስልካቸውን አውጥተው ይቀርጹ ነበር። አንዱማ «ፊቱን ወደዚህ አዙሩት፣ ጥላ ነው» ይላል። ሰው መሃል ገብቶ ጀሪካን ውሃ የደፋበት ሙለታ ብቻ ነው። ልጁ ተርፏል። ማምሻውን የወደቀበትን ተንቀሳቃሽ ምስል ራሱ ለእናቱ ልኮላት አየሁ፤ ስንት ሰው እንዳየው ቆጥሮ ነግሮናል።

ሙለታ ወደ እኔ መጥቶ፣ «አንተ ፈላስፋ ጎሚስታ፣ ለእኔ ስንት ሰጠኸኝ?» አለኝ።

«ስምንት።»

«ሁለቱ የት ሄደ?»

«ውሃውን ስትደፋ እናቱን ትሰድብ ነበር።»

«በስድብ ነው የነቃው» አለና ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ትቶ፣ «አንተስ የት ነበርክ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ስልክ አላወጣሁም። ውሃም አላመጣሁም። ለሙለታ ይህንኑ ነገርኩት፤ «ታዲያ ምን ነበርክ?» አለኝ።  የእርስዎን መልስ እየጠበቅሁ ነበር፤ ስለ መካከል እመልስልሃለሁ ያሉኝን።

ዘይነዲንን በተመለከተ፣ በሰላም መኖሩን ብሰማ ደስታዬ ነው።

ታዛዥ ልጅዎ
ፍቅረሥላሴ


ጎባ፣ መጋቢት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፍቅረሥላሴ

ሰላምህ ይብዛ። ባትሪዎቹ ደረሱኝ። ከሁለት ዓመት በኋላ የዶሮ ድምፅ ሰማሁ። ወለተሥላሴንም ሰማኋት። ሌላ ባትሪ አትላክ።

ይህ ደብዳቤ ቀልድ የለውም።

ዘይነዲን አንገቱ ከምትባለው ከተማ መጥቶ ነበር። አንተ ከወጣህ ወዲህ ሮቤ ሥራ የሚሰጠው አጥቶ፣ ሐረና ጫካ ውስጥ የሰው ቡና እየለቀመ ይኖራል። የመጣው ሽማግሌ ሊልክ ነው። ሳቢሪን የምትባለውን ልጅ ታውቃታለህ፤ ከሚዛን ቤቱ ፊት ለፊት ጨርቅ የሚሸጡት ሰው ልጅ። ሁለቱ ይፈላለጋሉ። አባቷ ሽማግሌዎቹን በክብር አስቀምጠው ካበሉ በኋላ፣ «ሚዛን አጉድሏል የተባለ ሰው ለልጄ ፍቅሯን ምን ብሎ ይመዝንላታል?» አሏቸው። ሰውየው ክፉ አይደሉም። ጨምረው እንዲህ አሉ፦ «ለዐረፋ ወደ ሼክ ሁሴን ለዚያራ እወርዳለሁ። ተመልሼም አንድ ሳምንት እጠብቃለሁ። ዘይነዲን ሚዛኑን አልነካውም የሚል፣ በዓይኑ ያየ ሰው ካለ ይምጣ፤ ሩቅ ከሆነም ይጻፍ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ጠያቂ አላት።»

በዓይኑ ያየ ማን እንዳለ አንተ ታውቃለህ። የዚያን ሚዛን ድንጋይ ሲሰቅል የሚውለው ዘይነዲን፣ ጆንያውን የሚያወጣው አንተ ነበርክ። ከእናንተ ሌላ እዚያ የሚገባ ሰው አልነበረም፤ ከባለቤቱ በቀር።

ልጁ እኔ ጋ መጣ። ከውጭ ቆሞ፣ አልገባም አለ። እንዲህ ተነጋገርን።

«ጋሼ፣ ፍቅሬ ይጽፍልዎታል?»

«ይጽፋል።»

«ስለ እኔስ ያነሣል?»

እጄን ጆሮዬ ላይ አድርጌ «ምን አልክ ልጄ?» አልኩት። አልደገመውም። «አይ፣ ጤና ይስጥልኝ ነው ያልኩት» ብሎ ሄደ።

ባትሪህ ጥሩ ባትሪ ነው፤ ሰምቼው ነበር።

ከእንግዲህ የምጠይቅህ ዕቃ የለም። አንድ ገጽ ወረቀት ብቻ ላክልኝ።

ተሰማ


ጅቡቲ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለጋሼ ተሰማ

ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብ ጤና፣ ለአገራችንም ሰላም እየተመኘሁ፣ በትሕትና ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። በጥንቃቄ አንብቤዋለሁ። በበኩሌ ጉዳዩን ከብዙ አቅጣጫ ስመለከተው ቆይቻለሁ። አቶ ጌታነህ አባቴ በሞተ ጊዜ እንጀራ የሰጡኝ ሰው ናቸው። ዘይነዲን ደግሞ ወንድሜ ነው። እህቴ ልደት ዛሬም በአቶ ጌታነህ መጋዘን ትሠራለች፤ ከደብተራቸው ፊት የምትቀመጠው እርሷ ናት። እኔ ከዚህ ሆኜ የምጽፈው አንድ መስመር እርሷን ከወንበሯ ሊያነሣት ይችላል።

የሚዛኑ ጉድለት በተጠየቀበት ዕለት በመጋዘኑ ግቢ አምስት ሽማግሌዎች ተቀምጣችሁ፣ «አንተስ ልጅ፣ ምን አየህ?» ተብዬ ስጠየቅ፣ «እኔ መሃል ነኝ» ያልኩት ፈርቼ ብቻ አልነበረም። ትምህርቴን ተከትዬ ነው። ፈላስፋው ከግራ ራቅ፣ ከቀኝ ራቅ፣ መካከሉን ያዝ ይላል። ጌታነህ ነው ብል ትርፍ፣ ዘይነዲን ነው ብል ጉድለት መሰለኝ። ሽማግሌዎቹም ያመሰገኑኝ ስለዚህ ነው። «ጨዋ ልጅ ነው፣ በሰው መካከል አይገባም» አሉ። እርስዎም እዚያ ነበሩ። እርስዎም አልተቃወሙም።

ስለዚህ እንዲህ ባለ ጊዜ ፈላስፋው ምን እንደሚያዝ ቢያብራሩልኝ፣ በዚያው መሠረት ለመወሰን ዝግጁ ነኝ።

በአክብሮት
ፍቅረሥላሴ


ጎባ፣ ግንቦት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፍቅሬ

ሙለታ ነገ ጠዋት ይነሣልና አሳጥራለሁ።

በዚያች ገጽ የመካከለኛው ረድፍ ርእስ መጀመሪያ «ልክ» ነበር። ሰሌዳ ላይ ስጽፈው ተማሪዎቹ ሳቁ። ከኋላ ወንበር አንዱ «ልክህን አሳይሃለሁ» እያለ ጎረቤቱን ያስፈራራ ጀመር፤ ክፍሉ በሙሉ «ልክህን፣ ልክህን» እያለ ተንጫጫ። እኔም ተናድጄ አጠፋሁትና «መካከል» ብዬ ጻፍኩ። በደብተሬም እንደዚያው። ሃያ ሁለት ዓመት እንደዚያው አስተማርኩ። ፈላስፋው ከጠበኞች መሃል ቁም አላለም። ፍርሃትና እብሪት ግራና ቀኝ ናቸው አለ እንጂ፣ እውነትና ሐሰት ግራና ቀኝ ናቸው አላለም። የሁለቱን አማካይ የያዘ ሰው ግማሽ ውሸት ነው የያዘው። ስህተቱ የእኔ ነው። በዚህ አገር ስንት ሰው ከእኔ ክፍል ወጥቶ መሃል ቆሞ እንደቀረ አላውቅም።

አሁን የባሰውን ልንገርህ። ከአምስቱ ሽማግሌዎች ሦስተኛው እኔ ነበርኩ። «አልተቃወሙም» ብለሃል፤ ልክ ነህ። አንተ «መሃል ነኝ» ስትል አንገትህ ላይ ያለችው ሥር ስትመታ አየኋት። ቃለ ጽሕፈት ላይ ከጎረቤትህ ስትገለብጥም እንደዚያ ትመታ ነበር። አንድ ጥያቄ ብጨምርህ ታለቅስ ነበር፣ ታወጣውም ነበር። ግን የእህቴ የልጅ ልጅ ነህ። እጄን ጆሮዬ ላይ አድርጌ «አልሰማሁም» አልኩ። ማንም ደግሞ አልጠየቀህም። ጆሮዬን ሰበብ ያደረግሁት ያን ዕለት ነው፤ ከዚያ ወዲህ በእርግጥ ደነቆርኩ።

እኔ ያየሁት አንገትህን ነው። ምስክር ሊሆን አይችልም። ያየኸው አንተ ነህ።

ስለ ልደት ያነሣኸውን ራሷን ጠይቃት። እርሷን መከታ ስታደርጋት ፈቃዷን ጠይቀሃታል?

የሳቢሪን አባት ከሼክ ሁሴን የሚመለሱት በሰኔ መጀመሪያ ነው። አንድ ገጽ።

ተሰማ


ጅቡቲ፣ ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለጋሼ ተሰማ፣ በእርስዎም በኩል ለሳቢሪን አባት፣ ለአምስቱ ሽማግሌዎችና ነገሩ ለሚመለከተው ሁሉ

እኔ ፍቅረሥላሴ ማንም ሳያስገድደኝ የሚከተለውን በእጄ ጽፌአለሁ።

በሮቤ ከተማ በአቶ ጌታነህ የእህል መጋዘን እሠራ በነበረበት በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ወር፣ ከሰዓት በኋላ፣ ዘይነዲን ለሶላት በወጣበት ሰዓት፣ አቶ ጌታነህ ትልቁን የሚዛን ድንጋይ ከመስቀያው አወረዱ። ድንጋይ ይባል እንጂ ብረት ነው፤ ሆዱ ከሥር ቀዳዳ አለው። ከአሮጌ የመኪና ባትሪ የወጣ እርሳስ በከሰል ምድጃ ላይ አቅልጠው በቀዳዳው ጨመሩበት። ድንጋዩ ስለከበደ የገበሬው ስንዴ ቀለለ። አንድ ኩንታል ያመጣ ሰው አምስት ኪሎ ጎደለበት። የሲናናው አቶ ቀነኒሳ ጆንያቸውን ሌላ ቦታ አስመዝነው ይህን ደረሱበት። ድንጋዩን የሚሰቅለው ዘይነዲን ስለነበር ጥፋቱ በእርሱ ላይ ተላከከ። ዘይነዲን ምንም አያውቅም ነበር።

እርሳሱ የቀለጠበትን ጣሳ በጉጠት የያዝኩት እኔ ነኝ።

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እስካሁን «አየሁ» ብሎ መጻፍ ብቻ የሚጠበቅብኝ መስሎኝ ነበር። ስጀምረው ግን ጣሳው እጄ ላይ መጣ።

ጋሼ፣ ስለ ልክ የጻፉልኝን እዚሁ ሥራዬ ላይ ሆኜ ገባኝ። የአየር መለኪያችን ከዜሮ እስከ ሁለት መቶ ይቆጥራል። መሃሉ መቶ ነው። መርፌው መሃል ላይ ስለሆነ ብቻ ጎማ ሞላሁ የሚል ጎሚስታ የለም። ለባዶ መኪና የሚበቃው ለተጫነ መኪና ጉድለት ነው፤ የፊቱና የኋላውም አይተካከልም። መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን ጭነሃል?» ተብሎ ነው። ያን ዕለት በዘይነዲን ላይ የተጫነውን አይቼ፣ ሦስት ዓመት አብሬው የበላሁ ሰው መሆኔን አይቼ፣ ልኩ ምን እንደነበር ለማወቅ ፈላስፋ አያስፈልገኝም ነበር።

ከመንገድ የገባ ትኩስ ጎማ ሲለካ ደግሞ ትርፍ ያሳያል። አየር ቢቀንሱለት ሲበርድ ጎድሎ ይገኛል። እኔም የዚህን ሜዳ ሰው እንደወረደ፣ በትኩሱ፣ እየለካሁ ሁለትና ሦስት ስሰጥ ከረምኩ። ያ ግራሶ ለብሶ ስብሰባ ልገባ ነው ያለው ሰው ማንንም አልጎዳም። ሰባቱ የቀረጹትም አልዋሹም። ማርኩን በምሞላበት ሠንጠረዥ መጨረሻ ለእኔ ያዘጋጀሁት መስመር አለ። ባዶ ነው።

ልደትን ጠይቄያታለሁ። ስልኩን ዘጋችብኝ።

ፍቅረሥላሴ

ከዚህ በታች ያለው ሰኔ 8 ቀን የተጨመረ ነው።

ጋሼ፣ ሙለታ የተነሣው ግንቦት 20 ነበር። ደብዳቤው ተጽፎ አልቆ ነበር። በመጀመሪያ በእርሳስ ጽፌ፣ በእስክሪብቶ ገለበጥኩት። ሁለተኛው ላይ «ዐ»ና «አ» ተምታቱብኝ። ለሽማግሌ የሚነበብ ወረቀት ስርዝ ድልዝ ሊኖረው አይገባም ብዬ ሦስተኛ ጀመርኩ። ሙለታ ሞተሩን አስነሥቶ «ስጠኝ» አለኝ። «አንዲት መስመር ቀርታኛለች» አልኩት። ጥሩምባውን ሁለት ጊዜ ነፋ። «አንተ ልጅ፣ ማዳበሪያ ፊደል አይጠብቅም፤ የተሰረዘውንም ቢሆን ስጠኝ» አለ። «መጣሁ» አልኩ። አራተኛውን ጨርሼ ስወጣ መኪናው አልነበረም። ወደ ሮቤ የሚሄድ ሌላ ሰው የተገኘው ዛሬ ነው።

በስልክ ላንብበው ብዬ አስቤ ነበር። የሳቢሪን አባት ስልክ ቁጥር ከልደት ጋር አለ። ሦስት ቀን ስልኬን እጄ ላይ ይዤ ዋልኩ፤ አልደወልኩላትም።

ስርዝ ድልዝ የሌለበት ይኸው።


ጎባ፣ ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፍቅረሥላሴ

ሰላም ለአንተ ይሁን።

ደብዳቤህ ሰኔ 19 ደረሰኝ። የሳቢሪን አባት ከሼክ ሁሴን የተመለሱት ሰኔ 4 ነው። ቃላቸውን ጠብቀው አንድ ሳምንት ቆዩ። በየቀኑ ሰው እየላኩ «ወረቀት አልመጣም ወይ?» ያስጠይቁኝ ነበር። ሰኔ 12 የሳቢሪን ኒካህ ለአንድ የጊኒር ነጋዴ ታሰረ። ደብዳቤህን በዚያው ዕለት ሮቤ ስወስድላቸው ሱቃቸው በር ላይ ቆመው አስነበቡኝ። ከዚያ የተጣጠፈ ጨርቅ ዘርግተው እንደገና አጠፉት። «በስምንት ቀን ዘገየ» አሉ። ሌላ አላሉም።

ከሱቃቸው በር መንገዱን ተሻግሬ ሚዛን ቤቱ በር ላይ ቆምኩ። የገበያ ቀን ነበር፤ ገበሬው ጆንያ ጭኖ ተሰልፏል። ደብዳቤህን ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብኩት። ባትሪዬ መንገዱን ስሻገር አልቆ ነበር፤ ድምፄ ለእኔ አይሰማኝም፤ ለካ እየጮኽኩ ኖሯል። ጌታነህ ወጥቶ አፉን ሲያንቀሳቅስ አየሁት። «ጋሼ፣ ቀስ ይበሉ፣ ውስጥ ገብተን እንነጋገር» እያለ ነበር አሉኝ። አልሰማሁትም። ለአንድ ጊዜ እንኳ ጆሮዬ ጠቀመኝ። ቀነኒሳ ከሰልፉ ወጥቶ አጠገቤ መጣ፤ ጨርሼ ሳጥፈው «ዱጋ» አለ፤ ያን ከከንፈሩ አነበብኩት። በአፋቸው እውነት ማለታቸው ነው፤ ታውቀዋለህ። ጌታነህ ያን ዕለት በሩን ዘጋ። በማግሥቱ ግን ከፈተ፤ ሰልፉ አጠር ብሏል እንጂ ሰው አለ። እኔም ለሮቤ ስንት እንደምሰጣት አላውቅም። ማርክ መስጠት ትቻለሁ።

ልደት ከመጋዘኑ የወጣችው በግንቦት ነው፤ አንተ በደወልህላት ማግሥት። «ለእኔ ብሎ ከሆነ ዝም ያለው፣ ማን ጠየቀው?» ብላለች። አሁን ሲናና አንድ የዘር ማከማቻ ውስጥ በቀን ሥራ ትውላለች። ይቅር ትልሃለች፤ ገና ነው ግን።

ዘይነዲንን አንገቱ ድረስ አስጠራሁት። ሰኔ 27 መጣ። አሁንም አልገባም ብሎ በሩ ላይ ቆመ፤ ወለተሥላሴ እጁን ይዛ አስገባችው። እኔ ላንብብልህ ስለው «ራሴ አነባለሁ» አለ። በቀስታ አነበበው። ጣሳው ላይ ሲደርስ ቆመ። ወደ ኋላ ተመልሶ ደገመው። ሲጨርስ ገጾቹን ቆጠረ።

«አራት ገጽ ነው ጋሼ» አለኝ፣ ጮክ ብሎ እንድሰማው። «ያን ዕለት የጎደለኝ ሁለት ቃል ነበር።»

«የትኞቹ?»

«ዘይነዲን አልነካውም።»

ደብዳቤውን እንደነበረ አጥፎ መለሰልኝ። ያዘው አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። «ይህ ለእርስዎ የተጻፈ ነው። ለሽማግሌዎች የተጻፈ ነው፣ ለሳቢሪን አባት የተጻፈ ነው። ለእኔ የተጻፈ የለውም» አለ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። የአንገቱ መኪና እንዳያመልጠው ቶሎ ሄደ።

እኔ በተገነጠለው ገጽ ጠርዝ አጠገብ፣ በደብተሬ ቀጣይ ገጽ፣ «መካከል» የሚለውን ሰርዤ «ልክ» ብዬ ጽፌአለሁ። ስርዙ ይታያል። ይታይ።

ተሰማ


ጅቡቲ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

በሙለታ እጅ እስከ ሮቤ፣ ከሮቤ በአንገቱ መኪና

ለዘይነዲን

ዘይነዲን አልነካውም።

የነካሁት እኔ ነኝ። ጣሳውን የያዝኩት ማለቴ ነው። ይህን መስመር አልገለብጠውም፤ ሙለታ ሞተሩን አስነሥቷል።

ፍቅሬ